ራሱን የደፈነው ስንጥቅ

በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለነው እነዚህ ነን። መሐዲ፣ የድሬ ዳዋ መጋላ ሰፈር ልጅ፣ የዕድሜ እኩያዬ፣ እጁ ብረት ሳይነካ ከዋለ የሚያኮርፍ። ሐጂ ኑር፣ አባቱ፣ ቀፊራ ገበያ አጠገብ የጨርቅ ሱቅ የነበራቸው። አሚና፣ እናቱ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ሆዮ» የሚላት፤ በሶማሊኛ እናቴ ማለት ነው። ኡስታ ዘካርያስ፣ ከባቡሩ ጋራዥ ጡረታ ወጥቶ ለገሃር አካባቢ ግቢው ውስጥ አንድ አሮጌ የቶርኖ ማሽን ተክሎ ብረት ይቀርጽ የነበረ። እኔ ግርማ፣ ያኔ ሃያ ዓመት ያልሞላኝ፣ ዛሬ ከፋብሪካ ጥገና ሥራ ጡረታ የወጣሁ። የመጨረሻዋ ልጄ ሰላም ናት። ያኔ አልተወለደችም፤ ይህን የምጽፈው ግን በእሷ ምክንያት ነው።

ዛሬ ጠዋት የውሃ ማፍያውን እያጸዳሁ ነበር። የድሬ ዳዋን ውሃ የሚያውቅ ሰው ይህን ሥራ ያውቀዋል። ውሃችን ጣፋጭ ነው፣ ግን ኖራ አለበት፤ በፈላ ቁጥር የዕቃውን ሆድ ነጭ እየለበጠ ይሄዳል። ሎሚ ጨምቄበት አረፋ ሲያወጣ ቆሜ አየሁ። እውነቱን ለመናገር ማፍያው ሳምንት ቢቆይ ምንም አይሆንም ነበር። ያጸዳሁት ከሰላም ዓይን ለመሸሽ ነው።

ሰላም የጉምሩክ ጉዳይ የሚያስፈጽም ቢሮ ውስጥ ጥሩ ሥራ አላት፤ ወንበር፣ ማቀዝቀዣ፣ የወር ደመወዝ። ይህን ትታ ብረት ሥራ መግባት ትፈልጋለች። በጓሮዬ ሞርሳና ሞረድ ይዤ ትናንሽ ሞተሮች ስሠራ እያየች ነው ያደገችው፤ ስለዚህ በሽታው ከማን እንደተጋባባት አውቃለሁ። ግን ለመዝናናት መሥራትና ለእንጀራ መሥራት ይለያያል ብዬ አምናለሁ። «ከባዶ ብረት ተነስተሽ የምትዞር ሞተር ሠርተሽ አሳዪኝ፤ ከዚያ ሥራሽን ልቀቂ» አልኳት። እንደማትችል ገምቼ ነው። ባለፈው እሑድ አንዲት የእንፋሎት ሞተር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ አስነሳቻት። ሞተሯ በደንብ ዞረች። ሻዬን ጠጥቼ ልጨርስ ስል ግን ፒስተኗን ከመንኮራኩሯ የሚያያይዘው ክንዷ ተሰብሮ ቀጥ አለች።

«ዞራለች አይደል አባዬ?» አለችኝ ሰላም።

«ተሰብራለች» አልኳት።

አልተከራከረችኝም። ስባሪውን አነሳችና ኪሷ ከተተችው። ከዚያ ወዲህ ምንም አላለችም፤ ማየት ብቻ ነው።

ማፍያውን ስገለብጠው አንድ ቅርፊት ተላቆ መዳፌ ላይ ወደቀ። ቀጭን፣ ነጭ፣ በአንድ በኩል የዕቃውን ቅርጽ የያዘ። እንዲህ ያለውን ቅርፊት አፌን ከፍቼ ያየሁበት ሌላ ቀን መጣብኝ።

ያኔ የድሬ መንገድ የጋሪ እንጂ የባጃጅ አልነበረም። ከሰዓት ፀሐይዋ አስፋልቱን ስታለሰልሰው ሱቅ ይዘጋል፣ ሰው ቤቱ ገብቶ ጋደም ይላል፣ የደረቀው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ብቻውን ይነዳል። እኔና መሐዲ በዚያ ሰዓት አሸዋውን አቋርጠን ወደ ኡስታ ግቢ እንሄድ ነበር። ከመጋላ ስንወጣ በስኳር የራሰውን ሙሸበክ በወረቀት ጠቅልለን እንይዛለን። ኡስታ ገና ከበር ላይ ሲያየን «እጃችሁን በሳሙና! ቶርኖዬ ስኳር አይወድም» ይለናል። ከዚያ ወረቀቱን ተቀብሎ ትልቁን ቁራጭ ራሱ ይበላል።

ብዙ አያስተምርም ነበር። እጅጌን መሰብሰብ፣ ብረቱን የሚነክሰውን መንጋጋ ካጠበቁ በኋላ ቁልፉን ነቅሎ ማስነሳት፣ የተጣደፉ ቀን ሥራውን ትቶ ወደ ቤት መሄድ። ትምህርቱ ይኸው ነው። የቀረውን ከጀርባው ቆመን በዓይናችን እንወስዳለን። እኔ ከዚያ በኋላም የሙያ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት እንደዚያው ነው።

መሐዲ ከኡስታ ጋር ለዘለቄታው መሥራት ፈለገ። ሐጂ ግን ያላቸው ወንድ ልጅ እሱ ብቻ ነበር፤ ከጨርቁ ጀርባ እንዲቆምላቸው ፈለጉ። በድሬ ወግ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» እያልን ነው ያደግነው፤ ለሐጂ ብቻ ግን አፌ ሳላዘው «እርስዎ» ይል ነበር። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ስለማይናገሩ ይመስለኛል።

«ብረት ሲፍቅ የሚውል ልጅ ማታ ምን ይዞ ይገባል?» አሉት አንድ ቀን።

«ባቡር» አለ መሐዲ።

ሐጂ ሳቁ። «እንግዲያው አምጣ። ማንም ሳይነካት በሻይ ጠረጴዛዬ ዙሪያ አንድ ጊዜ ትዙር። ከዞረች ወደ ኡስታህ ሂድ። ካልዞረች ከረመዳን በኋላ ሱቅ ትገባለህ፣ ሁለተኛ ስለ ብረት አንነጋገርም።»

ጀመርን። ውሃው የሚፈላበትን ቦይለር ከመዳብ ቱቦ ቁራጭ ሠራነው። መዳብ በመዶሻ ሲመቱት እየደነደነ ሄዶ ይሰነጠቃል። ኡስታ እሳት ውስጥ አቅልቶ ውሃ ውስጥ ነከረውና «በል እጠፈው» አለኝ። ብረት እንዲህ ሲደረግ እንደሚጠነክር አውቅ ስለነበር ጉልበቴን አሰባስቤ ያዝኩት፤ መዳቡ እንደ ቆዳ ታጠፈ። አንዱ ሲጠነክር ሌላው ለምን እንደሚለሰልስ ጠየቅሁት።

«እኔ እንጃ» አለ። «ስትደርስበት ለእኔም ንገረኝ።»

ፒስተኑን ከሲሊንደሩ ጋር ያለካካነው ደግሞ በጣት ነው። የሲሊንደሩን ታች በአውራ ጣት ዘግተን ፒስተኑን ከላይ እንለቀዋለን። አየሩ ይዞት ከቆመ፣ ጣታችንን ስናነሳ ተንሸራቶ ከወረደ ልክ ነው። እስከ ዛሬ ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላገኘሁም። በቦይለሩ አናት ላይ አንዲት ትንሽ ቫልቭ አስቀመጥን። ሞላ የተጫናት የብረት ኳስ ናት፤ እንፋሎቱ ሲበዛ ኳሷን ገፍቶ እያፏጨ ይወጣል፣ ቦይለሩም ከመፈንዳት ይድናል።

ስናስነሳት ሁሉም ሠራ። የቦይለሩ ታች የተበየደበት መጋጠሚያ ብቻ ጠብ ጠብ ይል ነበር። ኡስታ እንደገና ሊበይደው አሰበ፣ ነገር ግን የብየዳ ጋዝ አልቆበት ነበር። እስኪመጣለት ድረስ መሐዲ ባቡሯን ቤቱ ወስዶ በየቀኑ ከግቢው ቧንቧ ውሃ እየሞላ ያስነሳት ጀመር። አንድ ቀን ቤቴ ድረስ እየሮጠ መጣ።

«ወሪያ፣ አንተ ግርማ! ማንጠባጠቡን ተወች!»

ሄጄ አየሁ። እውነት ነው፤ መጋጠሚያው ደረቅ። ሆዮ አልገረማትም። በእነሱ ሰፈር ያኔ የሻይ ብራድ ከውጭ እንጂ ከውስጥ አይፈገፈግም፤ ነጩ ልባስ ሻዩን ያጣፍጣል ይላሉ።

«የኔ ብራድ ቂጡ ከተበሳ ቆየ» አለችን እየሳቀች። «ኖራው ይዞልኛል። እናንተ ለበያጅ ስትለምኑ ውሃው በነጻ በየደላችሁ።»

ኡስታ ቦይለሩን አገላብጦ አየው፣ ጣቱን በመጋጠሚያው ላይ አሳለፈ። «እኔ የቶርኖ ሰው ነኝ» አለ። «ቦይለር የሌላ ክፍል ሥራ ነበር። ግን ደርቋል፣ ደርቋል። ተዉት።» ከዚያ ወዲያ ሆን ብለን የቧንቧ ውሃ ብቻ ሞላንባት። ቫልቯ መጀመሪያ ሰሞን ደጋግማ ታፏጭ ነበር፤ እየቆየች ዝምተኛ ሆነች። ጨዋ ሆነች ብለን ተደሰትን።

ቀጠሮው ደረሰ። ከምሳ በኋላ የሐጂ ወዳጆች ጫታቸውን ይዘው ትራሳቸውን ተደግፈዋል፣ ሆዮ በብራዷ ሻይ ታመላልሳለች። የሻይ ጠረጴዛው ክብ፣ ባለ አንድ እግር ነበር። ምንጣፉን ጠቅልለን ሲሚንቶውን ገለጥንና ባቡሯ ክብ እንድትሠራ በቀጭን ሽቦ ከጠረጴዛው እግር ጋር አገናኘናት። መሐዲ ከቦይለሩ ሥር ያለችውን ኩራዝ ሲሞላ ሆዮ አፍንጫዋን ያዘች።

«አረቄ ነው እንዴ ቤቴ ያስገባችሁት?»

«ስፒሪት ነው ሆዮ። አይጠጣም፣ ይነዳል።»

«የሚጠጡትም ይነዳሉ» አለ ኡስታ ከጥግ። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ውሃው ማንሾካሾክ ጀመረ። መሐዲ የእንፋሎቱን መክፈቻ ከፍቶ ሁለት እጁን ወደ ኋላው አደረገ። ባቡሯ ቹክ አለች። አሰብ አድርጋ ደግማ ቹክ አለች። ከዚያ ሄደች። ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ ስትዞር ሐጂ ከትራሳቸው ቀና አሉ። ስትደግም ሻያቸውን አስቀመጡ።

«አቦ ሐጂ፣ ትኬት ቁረጥልን!»

«ጅቡቲ ስንት ሰዓት ትገባለች?»

መሐዲ አባቱን እንጂ ባቡሯን አላየም። ደስታው ፊቱ ላይ አልበቃው ብሎ ነበር።

በዚህ መሐል አንዱ እንግዳ የጣለው ገረባ፣ ቅጠሉ ተቅሞ የቀረ የጫት እንጨት፣ መንኮራኩሯ ሥር ገባና ባቡሯ ቆመች። እሳቱ ግን አልቆመም። ቫልቯ እስክታፏጭ ጎንበስ ብዬ ጠበቅሁ። አላፏጨችም። ለምን እንደሆነ ለማየት ፊቴን አስጠጋሁ። መሐዲም ገረባውን ሊያነሳ እጁን ሰደደ። ኡስታ «ወሪያ ተው!» ብሎ ሲጮህና የቦይለሩ ታች ተገንጥሎ ሲወጣ አንድ ሆነ።

ነጭ ደመና ቤቱን ሸፈነው። ሲገለጥ እኔ ቅንድብ አልነበረኝም። መሐዲ አውራ ጣቱን ጨብጦ ጥርሱን ነክሷል። የሐጂ ነጭ ሸሚዝ ከአንገት እስከ ወገብ ርሶ ይንጠባጠባል።

«ሐጂ» አለ አንዱ እንግዳ ከፀጉሩ ላይ ቅጠል እያነሳ፣ «ልጁ ሱቅ ይግባ። ጨርቅ አይፈነዳም።»

ሁሉም ሳቀ። ሐጂ አልሳቁም። የመሐዲን እጅ ይዘው አዩና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እንድትነክረው ለሆዮ ነገሯት። ከዚያ ወደ እንግዶቻቸው ዞሩ።

«ዞራለች ወይስ አልዞረችም?»

«ዞራለች፤ ግን እኮ ሐጂ…»

«ትዙር አልኩ እንጂ አትፈንዳ አላልኩም። ያኔ ባስበው ኖሮ እጨምረው ነበር። እኔ ላላሰብኩት ልጁ ይቀጣ?»

መሐዲ እጁን ውሃ ውስጥ እንደነከረ ቀና አለ። ከዚያ አለቀሰ። ከቃጠሎው ይሁን ከሌላ አልጠየቅሁትም።

በማግስቱ ኡስታ ቦይለሩን ሞርሳ ላይ አስሮ በመጋዝ ለሁለት ከፈለው። ሦስታችንም ጭንቅላታችንን ገጥመን ተመለከትን። ውስጡ እንደ እንቁላል ልጣጭ ነጭ ነው። በመጋጠሚያው ላይ ወፍሯል፤ የሚንጠባጠበውን የዘጋው እሱ ነበር። ቫልቯን ፈታን። ኳሷ በዚያው ነጭ ነገር መቀመጫዋ ላይ ተጋግራ በመርፌ ብንቆረቁራት ንቅንቅ አልል አለች። ስንጥቁን የደፈነልን ኖራ መተንፈሻዋንም ደፍኖታል። የትኛው ቀዳዳ ጉዳት፣ የትኛው መዳኛ እንደሆነ ኖራ አይለይም። ለእንፋሎቱ የቀረለት መውጫ እንደገና ያልበየድነው መጋጠሚያ ብቻ ነበር።

መሐዲ በደህና እጁ ሎሚ ጨመቀበት። ፈላ፣ አረፋ አወጣ፣ መዳቡ ቀልቶ ብቅ አለ። ተያይተን ሳቅን። ሆዮ ይህን ስትሰማ ብራዷን በሎሚ አጠበችው፤ ውስጡ አብረቀረቀ፣ ቂጡም ማፍሰስ ጀመረ።

በጓሮው ለደስታው ብረት የሚሠራ ሰው ካነበበኝ እንዲህ እለዋለሁ። ለትንሽ ቦይለርህ የክረምት ዝናብ አጠራቅም። እሳት ሳታሳየው በፊት ቀዝቃዛ ውሃ ሞልተህ በፓምፕ ግፊት ፈትነው። ኩራዙን ከመለኮስህ በፊት ሁልጊዜ ቫልቩን በእጅህ ሳብ አድርገው፤ ዝምታውን እንደ ጨዋነት አትቁጠርለት። ሳትነካው ማንጠባጠቡን የተወ ነገር ካየህ ደግሞ ደስታህን ቆይ በለውና ምን እንደዘጋው ፈልግ። እኔ ይህን በቤቴም አይቼዋለሁ። ልጅ መጠየቅ ሲያቆም ነገሩ የተፈታ ይመስላል፤ ሰላም ካለፈው እሑድ ጀምሮ ዝም ብላኛለች።

መሐዲ ዛሬ የራሱ ቶርኖ ቤት አለው፤ ሰላም መግባት የምትፈልገውም እሱ ጋ ነው። ሐጂ እስኪያረጁ ብቻቸውን ሸጡ፣ በመጨረሻ ሱቁን ለሌላ ሰው ለቀቁ፣ ነፍሳቸውን ይማርና ከሰዓት ከሰዓት ልጃቸው ደጃፍ ወንበር አውጥተው ይቀመጡ ነበር። ቃላቸውን ለማጠፍ ከማንም የተሻለ ምክንያት ነበራቸው፤ ምክንያቱ ከሸሚዛቸው እየተንጠባጠበ ነበር። የእኔ ምክንያት ግን አንድ የተሰበረ የሞተር ክንድ ብቻ ነው።

ማፍያውን ደፍቼ ሰላምን ጠራኋት።

«ዞራለች» አልኳት።

«ተሰብራለች ብለኸኝ አልነበር?»

«ትዙር እንጂ አትሰበር አላልኩሽም። ኪስሽ ያለውን ስባሪ ለመሐዲ አሳዪውና ለምን እንደተሰበረ አብራችሁ ፈልጉ።»

ያቺ ባቡር እንግዲህ በጠቅላላ ያስከፈለችን ይህን ነው። ሆዮን ብራዷን፣ ኡስታን መዳቡን፣ መሐዲን እስከ ዛሬ ተጣምሞ የሚያድግ የአውራ ጣት ጥፍር፣ ሐጂን ሱቅ የሚረከብ ልጅ። እኔ ቅንድቤ መልሶ ስለበቀለ በነጻ ያለፍኩ መስሎኝ ነበር። ድርሻዬን ዛሬ ጠዋት ከፈልኩ፤ ቢሮ የምትውል ልጅ።