«ፍሪጂድ» የሚለው ቃል

ዛሬ በሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ሳልፍ፣ ከአንድ ሱቅ በር ላይ ከተከፈተ ፍሪጅ የወጣ ቅዝቃዜ ፊቴን ነካኝና አባቴ ትዝ አለኝ። እዚያው ሰፈር ፍሪጅ ጠጋኝ ነበር።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ የእንግሊዝኛ መምህራችን «ፍሪጂድ» በሚል ቃል ዓረፍተ ነገር ሠርተን እንድንመጣ አዘዘን። አባዬን ትርጉሙን ስጠይቀው እጄን ይዞ የሚጠግነው ፍሪጅ በረዶ ላይ አስቀመጠው።

«ይኼ ገና ቀዝቃዛ ነው። ፍሪጂድ ማለት እጅሽ ያንቺ መሆኑን ሲረሳ ነው» አለኝ።

በማግስቱ «የአባቴ እጆች ፍሪጂድ ናቸው» ብዬ በኩራት አነበብኩ። መምህሩ ፈገግ አለና፣ «ቃሉ ፍቅር ለሌለው ሰውም ይባላል፤ አባትሽ እንደዚያ ነው?» ሲለኝ ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

እያለቀስኩ አባዬ የሚሠራበት ሱቅ ሄጄ ነገርኩት። አባዬ መፍቻውን አስቀመጠ፤ እጆቹን ብብቱ ሥር አሙቆ ሁለቱንም ጉንጮቼን ያዘ።

«ለዚህስ እንግሊዝኛው ምን ይላል?»

«ዋርም» አልኩት እንባዬን እየዋጥኩ።

ትንሽ አሰበና «አጠረች» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ እንግሊዝኛ ተማርኩ። ዛሬም ድልድዩን እየተሻገርኩ የምትበቃ ቃል ፈለግኩለት፤ አላገኘሁም፤ ግን አልከፋኝም።