አልቀበልም ያልኩት ግጥም

ይህ የገጠመኝ ጣሊያን ከአገር ከወጣ ከአሥር ዓመት በኋላ ገደማ ነው። ያኔ ጎንደር ከተማ አስተማሪ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ስንቱን ረስቻለሁ፤ ይህን ግን ልርሳው ብልም አልተወኝም። ጥፋቱ የራሴ ስለሆነ ይሆናል።

በዚያ ዘመን «አዝማሪው» ብሎ የጠራኝ ሰው ካለ ደሜ ይፈላ ነበር። አዲስ አበባ ሳለሁ አንድ የውጭ አገር መምህር ፒያኖና ኖታ አስተምሮኛል። ሰው የጻፈውን ግጥም እወስድና አንድ ቃል ሳልነካ ዜማ እደርስለታለሁ፤ ከዚያ ራሴው እዘፍነዋለሁ። ለመጠጥ ቤት ሳይሆን ጸጥ ብሎ ለሚሰማ ሰው። ይህን ለጎንደር ሰው ማስረዳት አበሳ ነበር። ማሲንቆህን የት ጣልከው እያሉ ይቀልዱብኛል። የገዛ አጎቴ እንኳ ከቤታችን አዝማሪ ወጣ ብሎ ሰላምታ ነሥቶኝ ነበር።

አብራኝ የምታስተምር የውብዳር የምትባል ልጅ ነበረች። ተዋደድን። አባቷ አያ ተገኝ ከጎንደር ወጣ ብሎ ገደል አፋፍ ላይ ባለው በኮሶዬ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። በጠላት ጊዜ ጫካ ገብተው የተዋጉ ሰው ናቸው፤ አንድ ወንድ ልጃቸውንም በዚያው ጦርነት አጥተዋል። ስለዚያ ልጅ በቤታቸው አይወራም። ስሙን እንኳ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

አያ ተገኝ ልጄን ለዘፋኝ አልሰጥም ብለው ከረሙ። የውብዳር ብትለምን ብታለቅስ፣ በመጨረሻ እስቲ መጀመሪያ ሲዘፍን ልስማው አሉ። ስለዚህ ያ እሑድ ከሰዓት በኋላ ለእኔ የትዳሬ ፈተና ነበር።

በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጣሊያን ጥሎት የሄደ ፒያኖ አለ። የተወሰነው ቁልፍ አይጮህም፣ ግን ይሠራል። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። አያ ተገኝ ከኮሶዬ በጭነት ማኪና መጥተው ከፊት ተቀመጡ። የዘፈንኩት አንድ የሥራ ባልደረባዬ የጻፈውን ግጥም ነው፤ ከዘመቻ ያልተመለሰ ልጇን ደጃፍ ቆማ የምትጠብቅ እናት ነገር።

መምህሬ እንዳሳየኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳስረዝመው ከኋላ ሳቅ ተነሣ። አንዱማ ከብት እንደጠፋበት ሰው ማዶ ለማዶ እየተጣራ አላገጠብኝ። ሳቁ ባሰ። ጥርሴን ነክሼ ቀጠልኩ። ዓይኔም ጆሮዬም ኋላ እነዚያ የሚስቁት ላይ ነበር፤ ከፊቴ የተቀመጡትን ሰውዬ ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

ሁለተኛውን አንጓ እንደጨረስኩ አያ ተገኝ ብድግ አሉ። ነጠላቸውን አስተካክለው «ተቀበል!» አሉኝ። እኛ ዘንድ አዝማሪ ሲዘፍን አድማጩ ግጥም ይሰጠዋል፤ እሱም ተቀብሎ በዜማው ይለዋል። አያ ተገኝ እንዲህ አሉ፦

«ኮሶዬ ላይ ቆሜ ወንድ ልጄን ብጠራ፣
ገደሉ መለሰ፣ መለሰ ተራራ።»

በውነት እላችኋለሁ፣ እኔ የሰማሁት ስድብ ነው። የጎንደር ሰው ያለ ሰምና ወርቅ አይናገር፣ እኔም ወርቁን ያገኘሁ መሰለኝ። ዘፈንህ የገደል ማሚቶ ነው፣ ጩኸት ነው ያሉኝ መሰለኝ። ይባስ ብሎ ደግሞ ተቀበል። ለእኔ!

እጄን ከፒያኖው አንሥቼ ቆምኩ። «አያ ተገኝ፣ እኔ አዝማሪ አይደለሁም። አልቀበልም» አልኳቸው።

አዳራሹ ውስጥ ማጉረምረም ተጀመረ። አንዱ ውረድ አለኝ፣ ሌላው ባለጌ አለኝ። አያ ተገኝ እንደቆሙ ትንሽ አዩኝና ዱላቸውን ይዘው ወጡ። ሰውም ተከትሏቸው ወጣ። አንድ ሽማግሌ በአጠገቤ ሲያልፉ እግሬ ሥር እንትፍ አሉ። እኔ ግን፣ አልዋሽም፣ ክብሬን ያስጠበቅኩ መስሎኝ ነበር።

የውብዳር በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ምነው አባትሽ በሰው ፊት አዋረዱኝ ልላት ነበር። እሷ ግን ቀደመችኝ።

«የወንድሜ ስም መለሰ ነው» አለችኝ።

መለሰ ከኮሶዬ በታች ካለው ገደል አፋፍ ላይ ተመትቶ ወድቋል። አስከሬኑ እንኳ አልተገኘም። ከዚያ ቀን ወዲህ አባቷ ስሙን በአፋቸው አንሥተው አያውቁም። ያን ቀን ዘፈኔን ከመጀመሪያው አንጓ ጀምሮ እንባቸውን እየጠረጉ ሰሙና፣ አላስችል ቢላቸው ስሙን በግጥም አወጡት። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ሳታለቅስ ነው። ከዚያ ጥላኝ አባቷን ተከትላ ሄደች።

በሦስተኛው ሳምንት ሽማግሌ ይዤ ኮሶዬ ወጣሁ። አያ ተገኝ አላባረሩንም፤ አስገብተው ጠላ አስቀዱልን። ሽማግሌዎቹ ስለ ይቅርታውም ስለ የውብዳርም ተናገሩ። እሳቸው እስከ መጨረሻው ሰሙና ወደ እኔ ዞሩ።

«ዘፈንህ ሸጋ ነበር። ይቅርም ብዬሃለሁ» አሉኝ። «ግን አንዱን ልጄን በሰው ፊት ሰጠሁህ፣ አልቀበልም አልከኝ። ሁለተኛዋን ምን ብዬ ልስጥህ?»

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። አያ ተገኝ የውብዳርን በዓመቱ ለሌላ ዳሯት።

ዛሬ አርጅቻለሁ። ከኋላ ሆነው ያላገጡብኝን እነዚያን ሰዎች እስካሁን እጠላቸዋለሁ፤ ቢመጡም ይቅር አልላቸውም። ነገሩን ያበላሹት ግን እነሱ አይደሉም፤ የምናደደው በራሴ ነው። ዜማው የእኔው ነበር፣ ፒያኖው ፊቴ ነበር፣ ግጥሙ ሁለት መስመር ብቻ ነው። ብቀበላቸው ምን እሞት ነበር?