ድንኳን ያልተተከለለት ለቅሶ

ባለፈው ሳምንት በአንድ ጋራዥ በኩል ሳልፍ፣ ግራሶ የጠጣ ቱታ በሳሙና ሲታሽ የሚያወጣው ሽታ መጣብኝ። መንገዱ ላይ ቆሜ ቀረሁ። እትዬ አስካለ ትዝ አለችኝ።

በደርግ ጊዜ፣ ድሬዳዋ ውስጥ ከምድር ባቡር ጀርባ፣ ግቢ የምንጋራት ጎረቤታችን ነበረች። የባቡር ሠራተኞችን ቱታ እያጠበች ብቻዋን ትኖራለች። ክንዷ ወፍራም፣ ምላሷ ስለታም ነው። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም ስለማይታወቅ እኔ እንኳ በዚያ ዕድሜዬ አንቺ እላት ነበር። ውዳሴ ማርያምን በቃሏ ብትወጣውም የምትደግመው ሳፋዋ ላይ እንዳጎነበሰች ነው። አንቀጹን አጋምሳ፣ "አንቺ ልጅ፣ ከገመዱ ሥር ዞር በይ" ትለኝና ካቆመችበት ትቀጥላለች። እናቴ ትስቅባት ነበር።

ሳቁ የቀረው ታላቅ ወንድሜን ዳንኤልን ከቤት የወሰዱት ጊዜ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እናቴ በየቀኑ በዚያ ፀሐይ ምሳ እየቋጠረች እስር ቤት ትሄዳለች። ሁዳዴ ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን ዘበኛው የምሳ ዕቃውን እንዳለ መለሰላትና "ከነገ ጀምሮ አታምጪ" አላት። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ዘመን የማያውቅ አልነበረም። በማግስቱ ከቀበሌ ሁለት ሰዎች መጡ። ድንኳን መትከል፣ ጥቁር መልበስ፣ ድምፅ አውጥቶ ማልቀስ ክልክል ነው ብለውን ሄዱ።

እናቴ አላለቀሰችም። እህል አልቀምስ አለች፤ ማማተብ እንኳ ተወች። ጎረቤቱ ፈርቶ በራችንን አልፎ ይሄዳል። እትዬ አስካለ ብቻ ሳሙና ልትበደር የመጣች መስላ ትገባና፣ እናቴ አጠገብ ዝም ብላ ትቀመጣለች። እኔ እናቴም ትሞታለች ብዬ ፈርቼ፣ ተኝታ ስትተነፍስ አዳምጥ ነበር።

በጸሎተ ሐሙስ ማታ እትዬ አስካለ እንደለመደችው መጣች።

"ነገ ለስግደት እንሄዳለን" አለቻት።

"እግዜርን ለምኜው አልሰማኝም። ከእሱ ጋር ምን ቀረኝ?"

"አቦ፣ አትለምኚው። ነገ ስቅለት ነው። አገር በሙሉ የሚያለቅስበት ቀን ነው። እመቤታችንም ልጇ ሞቶባት መስቀሉ ሥር ቆማለች። ሄደሽ አጠገቧ ስታለቅሺ፣ ለማን ነው ብሎ የሚጠይቅሽ ማነው?"

ጠዋት እናቴ ነጠላዋን ለብሳ ከእኛ ቀድማ በሩ ላይ ቆመች።

የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በሰው ተሞልቷል። አሸዋው መዳፍ ያቃጥላል። በሩ ላይ ጠመንጃ የያዙ ሁለት አብዮት ጥበቃዎች ቆመው ያያሉ። "ኪርያላይሶን" ሲባል ሕዝቡ ይወድቃል፤ ይነሳል። እናቴ አብራ ስትሰግድ ቆየች። ቀትር ላይ ግን ወድቃ አልተነሳችም። ግንባሯን አሸዋው ላይ እንደደፋች "ልጄን" አለች፤ ደግማም "ዳንዬን" አለች፤ ከዚያ የታፈነው ሁሉ ወጣ። እኔ ደንግጬ ጥበቃዎቹን አየሁ። ዙሪያችን ያለው ሰው በሙሉ ያለቅሳል። አንደኛው ጥበቃ ፊቱን አዞረ።

እትዬ አስካለም ከጎኗ ተደፍታ "የኔ ኃይሌ" እያለች ታለቅስ ነበር። ኃይሌ የሚባል ሰው በሰፈራችን የሚያውቅ አልነበረም። ማን እንደነበር ኋላም አልነገረችንም፤ እናቴም አልጠየቀቻትም። ለካ እትዬ አስካለም ያንን ቀን ስትጠብቅ ኖራለች።

ማታ ከስግደት መልስ እናቴ እህል ቀመሰች። አማትባ ተኛች።

እትዬ አስካለ የደርግን መውደቅ ሳታይ አረፈች። መንግሥት ሲለወጥ ዘመዶቻችን ተሰብስበው፣ አሁን የሚከለክል ስለሌለ ለዳንኤል ድንኳን ተክለን በወጉ እናልቅስለት አሉ። እናቴ አመሰገነቻቸው።

"ልጄ ተለቅሶለታል" አለች። "ከተከላችሁ ለአስካለ ትከሉላት። ባትነግረኝም አውቃለሁ፤ ኃይሌ የሚባል ልጅ ነበራት።"