ሽብሩ ይሁዳን የሰቀለበት ዛፍ

ይህን መጀመሪያ የነገረችኝ ለውዝ ቆልታ የምትሸጠው ሸፊቃ ናት። ሌላው ሰው የሚያወራው ከእኔ ሰምቶ ነው። እኔ አንዴ የሰማሁት አይጠፋኝም፤ ድሬዳዋ ውስጥ ከከዚራ እስከ መጋላ ያለውን ሰው ከነአያቱ ልቆጥርላችሁ እችላለሁ። ይቅር፣ ወደ ሽብሩ እንሂድ።

ሽብሩ ጣሊያን በወጣ በሦስተኛው ዓመት ከመንዝ ወርዶ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ዛፍ አጠጪ ሆኖ ተቀጠረ። ያኔ ድሬ እንደ ዛሬ ጥላ የላትም፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። በዚያ ፀሐይ መልካ ጀብዱ ድረስ በእግሬ ደርሼ፣ ጠብታ ውሃ ሳልቀምስ ተመልሻለሁ፤ የሚያምነኝ ግን የለም። አለቃው ከባሕር ማዶ የመጣ ሰባት ችግኝ ሰጠውና፣ "እነዚህ ከደረቁ አንተም ትሄዳለህ" አለው። ግንቦት ሲመጣ እንደ እሳት የሚቀላው ዛፍ ነው። ስድስቱን ፍየልና ማገዶ ለቃሚ ጨረሰው። የተረፈው ከሚስቱ ከሸዋገነትና ከትንሿ ልጁ ከወርቅዬ ጋር የሚኖርባት አንድ ክፍል በራፍ ላይ ያለው ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ሴቶች ያንንም ሊሰብሩ መጡ። ሽብሩ ጨነቀውና አፉ ላይ የመጣለትን ተናገረ።

"ኧረ ተዉ! ይሁዳ ጌታን ሸጦ የታነቀው በእንዲህ ያለ ዛፍ ላይ ነው! አበባው ነጭ ነበር፣ በኀፍረት ነው የቀላው። የሰበረው እጁ ይደርቃል!"

ሴቶቹ አማትበው ሄዱ። ሸፊቃ ለውዟን ይዛ እዚያው ነበረች።

"ያ ሽብሩ፣ ይሄን ከየት አመጣኸው?"

"ከጭንቅላቴ። ዝም በይ አቦ!"

ሳቀች፤ ዝምም አለች። ዛፉ አደገ፣ ሽብሩም እንጀራው ተረፈለት። ግን ወሬው ከዛፉ ቀድሞ አደገ። ጥላው ስር የሚቀመጥ ጠፋ። ወርቅዬን ውሃ ስትቀዳ "የይሁዳ ልጅ" ይሏታል። ሽብሩ ይሰማል፣ ባልዲውን አንስቶ ዛፉን ያጠጣል።

ወርቅዬ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት ከባቡር ወርክሾፕ አንድ በያጅ ሽማግሌ ላከ። እሷም ልቧ ሄዶ ነበር። ሽማግሌዎቹ በግንቦት መጡ፣ ዛፉ ተንቀልቅሏል። ጥላው ጫፍ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። የበያጁ አጎት ጉሮሮውን ጠረገ።

"ልጅቷ ጨዋ ናት፣ አናማም። ግን በይሁዳ ጥላ ያደገች ሙሽራ ቤታችን አናስገባም።"

"ውሸት ነው! እኔ ነኝ የፈጠርኩት!" አለ ሽብሩ። ፊታቸው አልተፈታም። እሱም ሌላ አመጣ። "እዩት፣ አንዷ የአበባ ቅጠል ነጭ ጣል ያለባት ናት። የእመቤታችን እንባ ነው!"

"ትላንት ይሁዳ፣ ዛሬ እመቤታችን? ነገስ ማንን ልትሰቅልበት ነው?"

ሽብሩ መጥረቢያ አመጣና አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ በፊታቸው ጣለ። እጁን ዘረጋ። "ደረቀ?"

"ዓመት እንየው" አለ አጎትየው።

ዓመቱን ሙሉ የከዚራ ሰፈር የሽብሩን እጅ ጠበቀ። ሰላም የሚለው ሁሉ መጀመሪያ ጣቱን ያያል። ጠዋት ከአልጋው ሳይነሳ እጁን ሲጨብጥ፣ ሲዘረጋ ሸዋገነት አየችው።

"አንተም አመንክ?" አለችው። እጁን አንሶላው ስር ሸሸገ።

እጁ አልደረቀም። በያጁ ግን ዓመቱ ሳይጋመስ አዋሽ ላይ ሌላ አገባ። ሽብሩ ይህን በሰማ ቀን ወርቅዬ እግር ላይ ወደቀ፤ አባት ሆኖ። ወርቅዬ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

"ተነሳ አባዬ። ይቅር ብዬሃለሁ። ግን ይህን ዛፍ ከእንግዲህ እንዳታጠጣብኝ።"

በማግስቱ አለቃው ዘንድ ገብቶ ዕቃ ማውረጃው ጋ ጫኝና አውራጅ አድርገኝ አለ። አለቃው፣ "በዚህ ዕድሜህ?" ብሎ ደነገጠ። ሽብሩ ግን በዚያው ቀን የመጀመሪያውን ጆንያ ተሸከመ።

ወርቅዬ ባል ሳታገኝ ቀረች። ዛፉ ማንም ሳያጠጣው በየግንቦቱ ይቀላል። ሽብሩ ደግሞ የአንዲቷን ውሸት ዋጋ በዚያው ባልደረቀው እጁ፣ ጀርባው እስኪጎብጥ በጆንያ ከፈለ።