በአባቴ ተዝካር ያጠፋሁት ስም

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩትም። ስንት ሁዳዴ ጾሜ፣ ስንቴ መስቀል ተሳልሜ፣ ይህቺን ብቻ እየዘለልኩ ሌላውን ስናዘዝ ኖርኩ። ዛሬ ለእናንተ ልናገራት፤ የየኔታን ስም ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

የኔታ ከመካነ ሰላም ወጣ ባለችው መንደራችን ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ ትንቢተ ኢሳይያስንም በቃሌ ያስያዙኝ አስተማሪዬ ነበሩ። ድምፃቸው ለስላሳ ነው፤ ሲቆጡ እንኳ የተቆጡ አይመስሉም። ጨዋታም ያውቃሉ። ስሳሳት፣ ኢሳይያስ አንተን ቢሰማህ ኖሮ መተንበዩን ይተው ነበር እያሉ ያስቁኝ ነበር። እወዳቸው ነበር። ታዲያ የሚወዱትን ሰው እንዲህ ያደርጉታል?

አባቴ የሞተው ድርቁ ሲጀምር ነው። ጎተራ ውስጥ የቀረን የዘር ገብስ ብቻ ነበር። እኔ ግን አባቱን ያለ ተዝካር አስቀረ እንዳልባል፣ ገብሱን ለጠላ ብቅል ላደርገው ቆረጥኩ። የኔታ ይህን ሰምተው መጡና ለብቻዬ ጠሩኝ።

"ልጄ፣ ለአባትህ እኔ እጸልያለሁ። ለሰዉ ንፍሮ ይበቃል። ዘሩን አትንካ።"

ከተዝካር ድግስ ቀድመው የሚበሉት እሳቸው ናቸው፤ ድግሱ ይቅር ሲሉኝ ለማን ብለው ነው? ይህን ማሰብ አቃተኝ? አላቃተኝም። አፈርኩ፣ እፍረቴም ቁጣ ሆነ። በሳምንቱ ሰንበቴ ላይ፣ አገር በተሰበሰበበት፣ የኔታ በአባቴ ላይ የቆየ ቂም ስላላቸው ተዝካሩን ከለከሉኝ ብዬ ተናገርኩ። ዋሸሁ። ሁለቱ አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል ተነጋግረው አያውቁም።

ማሳ ላይ መብቀል የነበረበት ዘር ቤቴ ውስጥ በቅሎ ብቅል ሆነ። ተበላ፣ ተጠጣ፣ እኔም ተመረቅኩ። የኔታን ግን ሰው ሸሻቸው፤ ልጁን የሚልክላቸውም ጠፋ። መጻሕፍታቸውን አንግተው ወደ ከላላ ሄዱ።

ረሃቡ ጠና። እናቴን ያለ ተዝካር፣ ያለ ንፍሮ ቀበርኳት። ኋላ ዝናቡ ተመለሰ፣ መሬት ላራሹም ታወጀ። መሬቱ የእኔ ሆነ፤ እፍኝ ዘር ግን አልነበረኝም። ዘር ልለምን ከላላ ገበያ ስወጣ የኔታ አዩኝ። እጄን ይዘው ወደ ጎጇቸው ወሰዱኝና ካለቻቸው ገብስ ግማሹን ጋቢዬ ላይ ገለበጡልኝ።

"አብሽር፣ ያልከውን ሁሉ ሰምቻለሁ። ሂድና ዝራ።"

ኢሳይያስ የገባኝ ያን ቀን መንገድ ላይ ነው። ሕዝቡ በዝግታ የሚሄደውን የሰሊሆም ውሃ ስለናቀ ታላቁ ወንዝ ሞልቶ ይመጣበታል ይላል። በልጅነቴ የሩቅ አገር ወሬ ይመስለኝ ነበር። በዝግታ የሚሄደው ውሃ ለካ ደጃፌ ድረስ መጥቶ "ልጄ" ብሎኝ ነበር። ድርቁን እኔ አላመጣሁትም፤ ዘሩን ግን እኔ ጨረስኩት። ማንን ልውቀስ?

ያን ገብስ ዘራሁ፣ አጨድኩ፣ በላሁ፣ ልጆች አሳደግሁ። የኔታ እዚያው ከላላ ዐረፉ። በመንደራችን እስከ ዛሬ "ቂመኛው የኔታ" ይሏቸዋል፤ ልጆቼም ሳይቀሩ። እሳቸው እኮ ይቅር ብለውኛል እያልኩ ዝም አልኩ። ይቅርታቸውን ወሰድኩ፤ ስማቸውን ግን አልመለስኩላቸውም። ረሃብ ነው አልልም፣ ልጅነት ነው አልልም። ልጆቼ "ቂመኛው" ሲሉ እዚያው አጠገባቸው ተቀምጬ እሰማለሁ።