ከየጓሮው የመጣ ጣሪያ

እኔ ቆርቆሮ ሻጭ ነኝ። ቆሰበር ከተማ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ሱቅ አለኝ፤ ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ሲሚንቶ፣ የበር እጀታ እሸጣለሁ። ስለዚህ የትውልድ ቀበሌዬ ሰዎች አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ይፍረስ አይፍረስ ብለው ሲጨቃጨቁ፣ መሃል ገብቼ "ሳሩን አውርዱትና ቆርቆሮ አልብሱት፣ ቆርቆሮውን እኔ እችላለሁ" ማለቴ ማንንም ሊገርም አይገባም ነበር። አባቴን ግን ገረማቸው። ገረማቸው ብቻ ሳይሆን ሦስት ቀን አኮረፉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታቦቱ አስፋልቱ ዳር ወደ ተሠራው አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ከገባ ወዲህ፣ ከወንዙ ከፍ ብሎ ያለው ክብ ሳር ቤት ባዶውን ቀረ። ባዶ ስል ታቦት የለበትም ለማለት ነው እንጂ ሰውስ ጠፍቶበት አያውቅም። መቅደስ የነበረው መሃሉ በመጋረጃ ተከልሏል፣ ማንም አይረግጠውም። ዙሪያውን ግን ሰንበቴው ይበላበታል፣ እድርተኛው ይሰበሰብበታል፣ ድንበር የተገፋፉ ሰዎች ይታረቁበታል፣ ከጥሊሊ ገበያ የሚመለስ መንገደኛ ዝናብ ሲይዘው ይጠለልበታል። ጣሪያው ግን ዕድሜው ደርሶ ነበር፤ ሳሩ በስብሷል፣ ሳሩን የተሸከመው የቀርከሃ ወራጅ ጎብጧል። ሰበካ ጉባኤውም "ክረምት ሳይገባ ካልታደሰ፣ ሰው ላይ ሳይወድቅ እናፈርሰዋለን" ብሎ ቁርጡን ተናገረ።

አባቴ ደግሞ ከዚያ ቤት ሌላ መሄጃ የላቸውም። እናቴ ከሞተች፣ እግራቸውም ከተሰበረ ወዲህ ዳገቱን ወጥቶ አዲሱ ቤተ ክርስቲያን መድረስ አይሆንላቸውም፤ አሮጌው ግን ለእሳቸው በዱላ የሚደረስ ነው። ጠዋት ይሄዳሉ፣ ከሰው ጋር ሲጫወቱ ይውላሉ፣ ሲመሽ ይመለሳሉ። ያ ቤት ከፈረሰ ጎጇቸው ውስጥ ተቀምጠው ግድግዳ ማየት ነው የሚቀራቸው። በዚያ ላይ ጣሪያውን በጉልምስናቸው የከደኑት እሳቸው ናቸው። በአካባቢያችን የቀርከሃ ነገር ከተነሳ ከእሳቸው ወዲያ ማንም አይጠየቅም። እንደ ሌላው ሰው መሬትና ከብት የላቸውም፤ ያላቸው ይሄ ስም ነው።

በአራተኛው ቀን ኩርፊያው በረደላቸውና "አንቺ ቆርቆሮ ነጋዴ" አሉኝ። "ዝናብ ሲወርድበት ሰው ከሰው የማይሰማማበትን ቤት ምን እናደርገዋለን? እዚያ ቤት እኮ ሰው የሚመጣው ሊነጋገር ነው።"

እውነታቸውን ነው፤ ቆርቆሮ የለበሰው አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዝናብ ሲጥል የቄሱ ድምፅ እንኳ አይሰማም። "እሺ አባባ፣ ሳር ይሁን፤ እርስዎ እንዳሉ" አልኩ። ሳሩን አገሬው ሊያጭድ፣ ደቦው ለማክሰኞ ሊጠራ፣ አባቴ ከታች ሆነው እያዘዙ ሊያሠሩ ተስማማን። ስለ ቀርከሃው ግን "እኔ ሳላየው አንድም እንዳይቆረጥ" አሉ። በደቦው ቀን ጠዋት ፈረስ ተለምኖላቸው በየጓሮው ሊዞሩ ነው።

ይሄን ጊዜ ነው እኔ ጉድ ልሠራ የተነሳሁት። በዚያ እግራቸው ፈረስ ላይ ሲወጡ ሲወርዱ ታየኝና አንጀቴ አልቻለም። ይሄ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው፣ ምን እዋሻለሁ፣ "ከተማ ገብታ ቀረች" የሚሉኝን ሰዎች በአንድ ቀን አፋቸውን ላስይዛቸው ፈልጌ ነበር። የሱቅ ጎረቤቴ አይሱዙ አለው። ለአባቴ ሳልነግር እሱን ለምኜ ወደ ግምጃ ቤት ከተማ በሚወስደው መንገድ ወረድኩና ከአንድ ሻጭ ዘንድ ቀጥ ቀጥ ያለውን፣ አረንጓዴውን፣ የሚያብረቀርቀውን ቀርከሃ እየመረጥኩ አስጫንኩ። እንደ ሱቅ ዕቃ ነው የመረጥኩት። ቆርቆሮ ስገዛ አዲስ አዲሱን ነው የማነሳው፤ ቀርከሃም እንደዚያው መሰለኝ። የእሳቸው ልጅ ሆኜ!

ማክሰኞ ጠዋት መኪናው አጥሩ ሥር ሲቆም ደቦው ተሰብስቦ ነበር። ወንዶቹ እየተሽቀዳደሙ አወረዱት። "እሰይ! አበጀሽ!" ሲሉኝ እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ደረቴን ነፍቼ ቆሜያለሁ። አባቴ በዱላቸው እየተደገፉ መጡ። አንዱን ቀርከሃ በጣታቸው አንጓ መታ መታ አደረጉት፤ የበሰለ ቀርከሃ ይጮሃል፣ ይሄ ግን ድምፅ የለውም። አንጓው ላይ ያለውን ፀጉር መሰል ነገር በጥፍራቸው ፈቀፈቁት። ሌላ አነሱ። ከዚያም ሌላ። ቀና ብለው ዓይኔን ሲያዩኝ ገባኝ።

ያመጣሁት የአንድ ዓመት ለጋ ነው። በእኛ አገር ይሄን የማያውቅ የለም፤ ሦስት ዓመት ያልሞላው ቀርከሃ ውስጡ ውሃ ነው፣ ብዙ ሳይቆይ ነቀዝ ገብቶ ዱቄት ያደርገዋል። ጣሪያ ላይ ቢወጣ በዓመቱ ከነሳሩ ሰው ላይ ይወርዳል። አንድ መኪና ሙሉ ማገዶ ነው ጭኜ የመጣሁት።

ሰዉ በአገራችን ቋንቋ፣ በአዊኛ፣ መንሾካሾክ ጀመረ። ሰበካ ጉባኤው ውስጥ ያለ አንድ አናጢ ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ "ኧረ ይሄን ማን ነው ያስመጣው? በዚህ ዓይነት ከሆነ አፍርሰነው እንገላገል!" አለ።

አፌን ከፈትኩ። እኔ ነኝ ልል ነው፤ እውነቴን ነው፣ ልል ነበር። ግን ያ ሁሉ ሰው ሲያየኝ ምላሴ ታሰረ። አባቴ ቀደሙኝ።

"እኔ ነኝ" አሉ። "እዚያ ጥሩ ቀርከሃ አለ፣ ሄደሽ አምጪ ብዬ የላክኋት እኔ ነኝ። ምን ይደረግ፣ አርጅቻለሁ፤ ተሳሳትኩ።"

አባቴ ቀርከሃ የሚቆርጡበትን ገጀራ ከጎናቸው አውጥተው ለአናጢው ዘረጉለት። "ከእንግዲህ አንተ አሠራ፤ እኔን ተወኝ" አሉት። አናጢው ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለ። እኔስ? እኔ ዝም አልኩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያገኙትን ስም ዓይኔ እያየ ሲጥሉት ይቅር ይበለኝና ዝም አልኩ!

እማሆይ ባይኖሩ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። እማሆይ የሰንበቴውን ተራ የሚያስጠብቁ፣ አባቴንም በዕድሜ የሚበልጡ መነኩሲት ናቸው። "ምን ተገትራችሁ ታያላችሁ?" ብለው ጮኹ። "ጓሮ የላችሁም? ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ቀርከሃ ሲገዛ የት አያችሁ? ሂዱ፣ ቁረጡ!" ሰዉ ተበተነ። በእኛ ሰፈር ከቤቱ ጀርባ ቀርከሃ የሌለው የለም። አንዱ ሦስት፣ አንዱ አምስት፣ የበሰለ የበሰለውን እየመረጡ በትከሻቸው ይዘው ተመለሱ። አንዲት መበለት ለልጇ ጎጆ ያቆየችውን ሳይቀር አምጥታ አጥሩ ሥር ጣለችው። ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚበቃው ያህል ተከምሮ ነበር።

ወራጁ በዚያ ሳምንት ቆመ፤ ሳሩ በሚቀጥለው ለበሰ። አባቴ አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይመለከቱ ነበር። አንድ ቀን አንዱ ወራጅ ሲጣመም አዩና ዱላቸውን ሊጠቁሙ አነሱ፤ ከዚያ መልሰው አወረዱት። እኔ ጎናቸው ውሃ ይዤ ቆሜ ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ "አባባ፣ ለምን እንደዚያ አሉ?" ብዬ ብጠይቃቸው "የቱን? እኔ ምንም አላልኩም፤ ይልቅ እግርሽን አንሺ፣ ዝናቡ ደረሰብን" ብለው ዘጉኝ። ቆሰበር ገብቼም ነገሩ አልተወኝም። ለደንበኛ ሚስማር ስቆጥር እንኳ ያ "አርጅቻለሁ" ያሉት ይሰማኛል። በመጨረሻ ቆረጥኩ፤ በታደሰው ቤት የመጀመሪያው ሰንበቴ ሲበላ፣ ሰው ሁሉ ባለበት እናገራለሁ አልኩ።

እሑድ ደረሰ። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላው ተቀምጠናል፤ ቤቱ ክብ ስለሆነ ሁሉም ሁሉን ያያል። አባቴ ከአናጢው ጎን ናቸው። ጸሎቱ አለቀ፣ ማዕዱ ተቆረሰ፣ እኔም ብድግ አልኩ። ገና አፌን ሳልከፍት አጠገቤ የነበሩት እማሆይ ቀሚሴን ጨምድደው ያዙኝ።

"ቁጭ በይ" አሉ በሹክሹክታ።

ጎንበስ አልኩላቸው። "እማሆይ፣ ይተዉኝ፤ የምናገረው አለኝ። ያ ቀርከሃ..."

"አንቺ ነሽ የገዛሽው። አባትሽ በዕድሜው ቀርከሃ ገዝቶ አያውቅም። እዚህ ከተቀመጠው ሰው ይሄን የማያውቅ አለ ብለሽ ነው?"

"ታዲያ እያወቃችሁ ገጀራውን ለምን ተቀበላችኋቸው? እንዲያ ሲዋረዱ ለምን ዝም አላችሁ?"

"እሱ አንቺን ሊሸፍን ሰጠ። አንቀበልም ብንለው አንቺን ማዋረድ ነበር። አሁን ተነስተሽ ብታወሪ ደግሞ የሠራውን ሁሉ ልታፈርሺበት ነው። ዋጥ አድርጊው፣ ልጄ።"

ቀና ስል ሰው ሁሉ እያየኝ ነው። አናጢው ብቻ ዓይኑን ጠላው ላይ ተክሎ አቀርቅሯል።

"ምነው?" አሉ አባቴ ከማዶ። "ምን ልትዪ ነው የተነሳሽው?" ፊታቸው ላይ ፍርሃት አየሁ። ለቤቱ ያልፈሩትን፣ ለእኔ ፈርተው።

"ወጡ ጨው አንሶታል ልል ነው" አልኩ።

"ለእኛ ልክ ነው" አሉ። "ተቀመጪና ብይ።"

ተቀመጥኩና በላሁ።