የኋላ ጎማዎቻችንና የአማቴ ዓይን

በዚህ ነገር ውስጥ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። አንደኛው እኔ ነኝ፤ ፊደል በሠላሳ ዓመቴ ለብቻዬ የቆጠርኩ፣ እንግሊዝኛውንም ከመለዋወጫ ሣጥኖች ላይ እየለቃቀምኩ ያጠናሁ ሾፌር። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት። ሦስተኛው ወንድሟ ነው፤ ጉለሌ ቤታችን በር ላይ የምትቆመው አሮጌ ፒክአፕ የእኔና የእሱ የጋራ ንብረት ነበረች። አራተኛዋ አማቴ ናቸው፤ ከእንጦጦ ማዶ፣ ከሱሉልታ አስፋልት ተገንጥሎ በሚወርድ የመስክ መንገድ ዳር የሚኖሩ፣ ሁለቱም ዓይናቸው በሞራ የተሸፈነ የገበሬ ሚስት፣ በኋላም ባልቴት። አምስተኛው የአዲሱ ገበያው ጎሚስታ ናቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ጎማ ግን ሲነኩት ዕድሜውን ይነግሩሃል።

በደርግ ዘመን ጎማ ገንዘብ ስላለህ ብቻ አይገዛም ነበር። ከቀበሌ ደብዳቤ ታጽፋለህ፣ ወረፋ ትይዛለህ። በሕገ ወጥ መንገድ የሚሸጥ ሞልቶ ነበር፤ እኔ ግን ልጆቼን «አትስረቁ» እያልኩ የተሰረቀ ጎማ ቤቴ አላስገባም ብዬ አምስት ወር ጠበቅሁ። በሐምሌ ወረፋችን ደርሶ ሁለት ጎማ ተፈቀደልን። ምርጫው ለስላሳ የአስፋልት ጎማ ወይም ለጭቃ የሚሆን ጥርሳም ነበር።

«ጋሼ፣ እኛ እኮ ድንች የምናመላልሰው ከአዲሱ ገበያ መርካቶ ነው» አለ የሚስቴ ወንድም። «ጥርሳሙ ነዳጅ ይጨርሳል። ነዳጅ እንደሆነ እንደ ቁርባን በማንኪያ ነው የሚሰጠን።»

«ቅዱስ ነገር በቀልድ አታንሳ። እናትህ ሰኞ ለዓይናቸው ቀጠሮ አላቸው። ያን ዋልካ በአስፋልት ጎማ ትወጣዋለህ?»

«በጀርባዬ አዝዬ አመጣታለሁ።»

«አንተ?» አለች ባለቤቴ። «አንድ ጆንያ ድንች አዝለህ ሦስት ቀን የተኛኸው?»

ጥርሳሙን ገዛን። ምርጫው ትክክል ነበር፤ ዛሬም እንደዚያው እላለሁ። የተሳሳትኩት ከዚያ በኋላ ነው።

የጎማው ጥርሶች እንደ ቀስት ጫፍ የሾሉ፣ አቅጣጫ ያላቸው ነበሩ። ጎሚስታው በእጃቸው ዳሰሱና «ሹሉ ነው ቀድሞ መሬት መንካት ያለበት፤ ጭቃውን ወደ ጎን እንዲተፋ» አሉ። እኔ ደግሞ ሥዕል ያለበት የእንግሊዝኛ የመኪና መጽሐፍ ነበረኝ። ሥዕሉ ሹሉን ወደ ታች አድርጎ ያሳያል። ከመኪናዋ ኋላ ቆሜ ሳስተያየው የእሳቸው አገጣጠም ተቃራኒው ሆነብኝ።

«ገልብጠው» አልኳቸው።

«ጌታው፣ ግድ የለም፣ ይስሙኝ።»

«አንተ ካነበበ ሰው ጋር ትከራከራለህ?»

በዕድሜ ይበልጡኝ ነበር። አንቱ ማለት ሲገባኝ፣ ሰው ፊት አንተ አልኳቸው። እሳቸውም ገለበጡት።

እሑድ መኪና ማንቀሳቀስ ክልክል ስለነበር ቅዳሜ ማለዳ ከሚስቴ ወንድም ጋር ሄድን። ስንሄድ ቁልቁለት ነውና ምንም አልታወቀንም። አማቴን ጋቢና አስገብተን ስንመለስ ዝናቡ ወረደ። አስፋልቱ እየታየን፣ ዳገቱ ወገብ ላይ፣ መኪናዋ መስመጥ ጀመረች። ጭቃው ከጥርሶቹ መሐል አልወጣ ብሎ ጎማው እንደ ምርጊት ተድቦለበለ። ድንጋይ አነጠፍን፤ ቅጠል አነጠፍን። ሁለት ገበሬዎች መጥተው ገፉልን፤ ባሰበት።

አማቴ ወርደው፣ በዝናቡ ውስጥ ጎንበስ ብለው ጎማውን በሁለት እጃቸው ዳሰሱት።

«ልጄ፣ ይኼ ነገር የተጠመደው ተገልብጦ ነው። የማረሻ ክንፉ፣ ድግሩ፣ ወደኋላ ዞሮ ከተጠመደ አፈሩን ይሸከማል እንጂ ወደ ጎን አይገፋም። ባሌ አንድ ቀን ሰክሮ እንደዚህ ጠምዶ በሬዎቹ ሳቁበት።»

የሚስቴ ወንድም ሳቀ። «ጋሼ፣ ግራውን ወደ ቀኝ፣ ቀኙን ወደ ግራ ብናዛውረው እኮ ይስተካከላል። ክሪክ አለን።»

«መጽሐፉ የሚለው ሌላ ነው» አልኩ።

ይህን ብዬ ሁለት ሰዓት አስቆምኳቸው። ጋቢናው ያፈስ ነበር፤ አማቴ በረጠበ ነጠላ ተቀምጠው ሲንቀጠቀጡ አይቻለሁ። መጽሐፉን ከወንበር ሥር አውጥቼ ከሥዕሉ ግርጌ ያለውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል ስቆጥር ነው የገባኝ። ሥዕሉ ጎማውን አያሳይም፤ ጎማው መሬት ላይ ጥሎት የሚያልፈውን አሻራ ነው። አሻራ ደግሞ እንደ ማኅተም የተገላቢጦሽ ነው። ሥዕሉን አይቼ ጽሑፉን ሳላነብ ነበር «ያነበበ ሰው» ነኝ ያልኩት።

በክሪክ አንስተን ጎማዎቹን አዛወርን። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። መኪናዋ ጭቃውን ግራና ቀኝ እየተፋች ወጣች።

ሰኞ በሰዓቱ ሆስፒታል ደረስን፤ አማቴ ግን እየሳሉ ነበር። ሐኪሙ «የሚያስል ሰው ዓይን አይቀደድም» ብሎ ለሁለት ወር አራዘመው። ባለቤቴ አልተቆጣችም። እናቷን እየደገፈች ስታወጣ አንዴ አየችኝ፤ ስድብ ይሻለኝ ነበር።

ማግስቱን አዲሱ ገበያ ሄጄ ጎሚስታውን ሰው በተሰበሰበበት ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ ያዋረድኳቸው ሰው ፊት ነውና። «እኔ ማንበብ አልቻልኩ፣ አንተ መስማት አልቻልክ፤ ምን ቂም አለው?» አሉና የሚቀመጡበትን ጎማ ለቀቁልኝ።

አማቴ ሁለቱን ወር እኛ ቤት ግድግዳ እየዳሰሱ ኖሩ። አንድም ቀን አላነሱብኝም። ዓይናቸው ተቀድዶ ፋሻው የተፈታ ዕለት ትክ ብለው አዩኝና «ሸበትክ እንዴ ልጄ? ድምፅህ ግን ገና ይጮኻል» አሉኝ።

ልጆቼ ጎማዎቹ ስንት አወጡ ብለው ሲጠይቁኝ ሁሉንም እደምርላቸዋለሁ። ለሁለት ጎማ አራት መቶ ሰማንያ፣ ለመግጠሚያ አራት፣ ለገፉልን ገበሬዎች አሥር፣ ለሳል መድኃኒት አሥራ አንድ፣ አጎታቸው ሥራ ለፈታባቸው ሁለት ቀኖች ስልሳ። አምስት መቶ ስልሳ አምስት ብር፣ ከአያታቸው የሁለት ወር ጨለማ ጋር።